ስለ ባሮ ውኃና ስለ እናትሽ ቁጣ

ገለምሶ
ሰኔ 24 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፤

ክረምቱ ሲገባ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም። ዝናቡ ጥሩ አድርጎ ጀምሯል፤ የጓሮዬ ቡና ፍሬ ቋጥሯል፤ የጫት መኪኖቹም ጥሩንባቸውን እየነፉ እንደ ወትሯቸው ይበራሉ። የቀረውን የሠፈር ወሬ በስልክ ታገኚዋለሽ። ይህን በወረቀት ያደረግኩት በስልክ ብነግርሽ አልቅሰሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። በዚያ ላይ ለእናትሽ እንድታነቢላት የምፈልገው አለ፤ ለራስሽ እንድትይዢው የምፈልገውም አለ፤ እዚያው ስደርስ እነግርሻለሁ።

እናትሽ ትናንት ማታ ከጭሮ ደወለች። ሰላምታውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሳ ወደ ጉዳይዋ ገባች፤ ታውቂያት የለ። እጮኛሽ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን፣ አንቺም እሺ ማለትሽን፣ እሷ ግን ደጇን እንደማትከፍትላቸው ነገረችኝ። ምክንያት ብላ ሁለት ነገር ሰጠችኝ። አንደኛውን ጮክ ብላ ተናገረች፤ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው፣ ከእኛ እምነት አይደለም አለች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ አለ። የጋምቤላ ሰው ነው አለችኝ። «ልጆቿ ምን ሊመስሉ ነው?» አለች። «ጎረቤቱ ምን ይለኛል?» አለች። ከዚያ አንድ ቃል ወረወረች፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ «መጽሐፉስ ቢሆን የካም ዘር የተረገመ ነው አይደል የሚለው?» ብላ ዘጋችው።

እኔ ታላቋ ነኝ። አዝዬ ያሳደግኳት እህቴ ናት፤ ክፉ ሰው እንዳልሆነች ከማንም በላይ አውቃለሁ። መጽሐፉን ምስክር አድርጋ ከጠራችው ግን ምስክሩ የሚለውን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ መስማት አለባት።

የእምነቱን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። በዚህ ላይ እናትሽ ብትጠይቅ አልፈርድባትም፤ እኔም እጠይቃለሁ። ተክሊል የምትመኚ ልጅ ነሽ፤ ከአንድ ጽዋ መቁረብ ማለት ምን እንደሆነ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ታውቂያለሽ። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ልጁም ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገር፤ የምትወስኑትን ሁለታችሁ ወስኑ። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እውነተኛ መልስም ይፈልጋል። ግን የአጎትሽ ልጅ ከዓመታት በፊት ጣሊያኑን ካቶሊክ ስታገባ እናትሽ ምን እንዳደረገች ታስታውሻለሽ? ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እሷ ናት። ሰውየው የት ተጠመቀ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ከዘመዱ ሁሉ አልተገኘም። የሠርጉ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ከሳሎኗ ግድግዳ አልወረደም። እንግዲህ የመካነ ኢየሱሱ ጥያቄ ከጋምቤላው ጥያቄ በፊት የተነሣው ለምን እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። እምነቱን ያነሣችው ሁለተኛውን ነገር እንዲሸፍንላት ነው፤ እምነታችን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ካም እንምጣ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9ን ገልጠሽ አንብቢላት። ኖኅ የወይን ጠጅ ጠጥቶ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ያየው ካም ነው፤ የተረገመው ግን የካም ልጅ ከነዓን ነው። ቀጥላ ምዕራፍ 10ን ትይ፤ የካም ልጆች አራት ተቆጥረዋል፤ ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥ፣ ከነዓን። አባቶቻችን የኢትዮጵያ አባት የሚሉት ኩሽን ነው፤ በእርግማኑ ውስጥ የኩሽ ስም የለበትም። ስለ ቆዳ ቀለምም በሁለቱ ምዕራፎች አንድ ቃል አታገኚም። እሺ፣ ካም ራሱ ተረግሟል እንበል። እናትሽ ከዚህ እርግማን በየት በኩል ልታመልጥ ነው? የእኔና የእሷ አያት የኢቱ ኦሮሞ አልነበረችም? ኩሽ የገባበትን ቤት ሁሉ ከዘር እናውጣ ካልን ጨርጨር ውስጥ የሚቀር ቤት የለም፤ የእናትሽም ቤት አብሮ ይዘጋል።

ታዲያ ይህ ትርጓሜ ከየት መጣ? ከገበያ ነው የመጣው። ሰውን ሸጦ የሚበላ ሰው ማታ ተኝቶ ማደር ስለሚፈልግ፣ የሸጠው ሰው ድሮውኑ የተረገመ ነበር ብሎ ማመን ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የጥጥ እርሻ ባላባቶችና ሰባኪዎቻቸው በ19ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ምዕራፍ በዐውደ ምሕረት ላይ ያነቡት ነበር። በፈረንጅ ላይ መፍረድ ቀላል ስለሆነ እዚያ አልቆምም። የእኛም አገር ከምዕራብና ከደቡብ ሰው እየነዳ በሐረርና በሌላው መንገድ እስከ ዘይላና እስከ ታጁራ ወደብ አውርዶ ሸጧል። ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ ነጻነት የሰው ተፈጥሮ መሆኑን ይናገርና እዚያው ላይ ባርነትን ይፈቅዳል። ባርያ የነበራቸው መኳንንት ብቻ አይደሉም፤ ካህናትም ገዳማትም ነበራቸው። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ በእኛ 1916 ዓ.ም.፣ ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ፈጽሞ የሚከለክለው ሕግ እስኪታወጅ ግን 1934 ዓ.ም. ድረስ ተጠብቋል። ይህ የእናቴ፣ የአንቺ አያት ዘመን ነው። እናትሽ በስልክ የወረወረችው ቃል ከኖኅ ድንኳን አልወጣም፤ አያቶቻችን በዓይናቸው ካዩት ገበያ የተረፈ ነው። ገበያው ሲዘጋ ቃሉ ቡና እየተጠጣበት ቀረ። በየቤቱ ስለሚሰማ ደግሞ እንደ እምነት ቃል ከበረ።

እዚህ ላይ ስለ እናትሽ ከተማ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እዚያ የሚኖረው ሰው ብዙ አያነሣውም። ጭሮ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ፣ ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን አውራጃ እንዲያደርጉ የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ጎንደር የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና ሦስት ዓመት ያልዘለሉ ሕፃን ነበሩ፤ ከወላጆቻቸው ጠፍተው ሲገኙ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ይዟቸው ሄደ። በሚስዮናውያን ትምህርት ቤት አደጉ፤ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ በርማ ሄደው በሐኪምነት አገለገሉ። አስቢው፤ ጥቁር ሕፃን በነጮች ቤት፣ በሕንዶች መካከል፣ አማርኛ ፈጽሞ ሳያውቅ። የዓድዋን ድል ሰምተው አገራቸውን ፍለጋ መጡ። ሴት አያታቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው በክንዳቸውና በእግራቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው። በአስተርጓሚ የሚነጋገር፣ የፈረንጅ ልብስ የለበሰ፣ ስሙ ማርቲን የሆነ ሐኪም «ልጄ ነው» ብለው አቀፉት።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ሐኪም ወርቅነህ አዲስ አበባ ላይ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካ ሲሄዱ ደግሞ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ወርደው፣ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲሠሩ የራስ ተፈሪን ጥሪ አደረሱ። ከዚያ ዘመን መኳንንት እኛ ከእነዚያ ጋር ምን አለን የሚሉ ነበሩ። እሳቸው በሰው አገር ሰዎች መካከል ቆዳቸው ምን እንዳስከተለባቸው ስለሚያውቁ ወንድምነቱን ሌላ ሰው እስኪነግራቸው አልጠበቁም። ክርስቲያንነታቸውን ከእንግሊዞች የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሙሉ ትርጉሙን ግን ከነጻ ወጪ ልጆች ጋር ተቀምጠው ያገኙት ይመስለኛል። እናትሽ ዘወትር እየወጣችና እየገባች የምትመላለስበት ከተማ እኚህ ሰው ያስተዳደሩት ነው። አሰበ ተፈሪን ያስተዳደረው ሰው ለባርያ ልጆች ትምህርት ቤት የሠራ ነበር፤ ይህን በያት።

ከሁሉ በላይ እንድታነቢላት የምፈልገው ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ነው። ጃንደረባውን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሰው በላይ የምንኮራበት ማን አለ? ከመቶ አለቃው ከቆርኔሌዎስ ቀድሞ የተጠመቀ፣ ኢሳይያስን በሠረገላው ላይ ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘው፣ የንግሥት ህንደኬ በጅሮንድ። እናትሽ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለች ይህን ታሪክ በድራማ ስትሠራ እኔ ነኝ ነጠላዋን ያጣፋሁላት። ግን ህንደኬ የነገሠችው የት ነበር? ሜሮዌ ነው፤ ከካርቱም በስተሰሜን፣ በዓባይ ዳር፣ የኩሽ መንግሥት መቀመጫ። ካርታ ዘርጊና ከጋምቤላ ጀምሪ። በእጮኛሽ ከተማ መሐል የሚፈሰው ባሮ ወደ ሶባት ይገባል፤ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፤ ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ተገናኝቶ ወደ ሰሜን ሲወርድ የሜሮዌን ፍርስራሽ አጠገቡ ትቶ ያልፋል። እንግሊዞች ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ድረስ ይመጡ ነበር፤ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ መንገዱ ይህን ያህል ቀጥተኛ ነው። ጃንደረባው ፊቱን በዓባይ ውኃ ሲታጠብ ከባሮ የወረደ ውኃ ነበረበት ማለት ነው። መልኩስ ማንን ይመስል ነበር ትያለሽ? እኔንና እናትሽን ወይስ ባለፈው ጥምቀት ይዘሽልኝ የመጣሽውን ልጅ? ይህን ያህል የምንኮራበት ሰው በእናትሽ ደጅ ሽማግሌ ቢልክ ኖሮ አትከፍትም ነበር። በዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ፤ ቁጣዬም ከዚህ ይነሣል።

ቀጥሎ ያለውን ለራስሽ ያዥው፤ ለእናትሽ አታንብቢላት፤ ታኮርፋለች። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ላይ ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሚስት ስላገባ እህቱ ማርያም ታማዋለች፤ ወንድሟ አሮንም አብሯት። የተቆጣው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማርያም ወዲያው በለምጽ ተመታች፤ እንደ በረዶ ነጣች። ጥቁሯን ምራቷን ያማች ሴት የደረሰባት ቅጣት ንጣት መሆኑን ልብ በዪልኝ፤ መጽሐፉ ቀልድ ያውቃል እላለሁ አንዳንዴ። ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች፤ ሕዝቡ ሁሉ እሷን እየጠበቀ ከጉዞው ቆመ። የጸለየላት ደግሞ የታማው ሙሴ ራሱ ነው። አንቺም ለእናትሽ ጸልዪላት፤ ሰባቱ ቀን ይበቃታል።

ኤርምያስም አለ። ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ አይችልም የሚባለውን ነገር ሰዎች መሳደቢያ ያደርጉታል። ነቢዩ እዚያ ላይ የሚወቅሰው ክፋት የለመዱትን የይሁዳን ሰዎች ነው፤ ስለ ኢትዮጵያዊው ክፉ አልተናገረም። የዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ላይ ደግሞ ነቢዩን ከጭቃ ጉድጓድ ጎትቶ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይጎዳው አሮጌ ጨርቅ አስቀድሞ የወረወረለት ሰው። እኛ ዘንድ ያ አቤሜሌክ በለስ እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ የኢየሩሳሌምን ጥፋት ሳያይ ያለፈ ደግ ሰው ሆኖ ይነገርለታል።

ዛሬ ሰኔ 24 ነው ብዬሻለሁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ፤ የሙሴ ጸሊም ዕለት ነው። አራተኛው መቶ ዓመት ላይ በግብፅ አስቄጥስ በረሃ የመነነ፣ ቀድሞ ባርያና ሽፍታ የነበረ፣ ጥቁርነቱ ከስሙ ጋር የተጠራ አባት። አረጋውያኑ ሊፈትኑት ጥቁርነቱን እየጠቀሱ ሲያባርሩት ዝም ብሎ ወጣ፤ ራሱንም ወቀሰ ይባላል። ካህናቱ ይህን ሁልጊዜ የትሕትና ትምህርት አድርገው ያነቡታል፤ ትሕትናው እውነት ነው። እኔ ግን ከሙሴ ይልቅ አረጋውያኑን አስባለሁ። መነኮሳት ሆነው፣ በጾምና በጸሎት ከስተው፣ ወንድማቸውን ለመፈተን ፈልገው አፋቸው ላይ ቀድሞ የመጣው ነገር ቆዳው መሆኑን። በረሃ መግባት ያንን አላጠበላቸውም። በሥዕል ቤታችንም ሰይጣኑ እንደ ከሰል፣ ቅዱሳኑ እንደ ስንዴ ሲሳሉ ኖረዋል። ሕፃን ልጅ ፊደል ሳይለይ ይህን በዓይኑ ይማራል። ሠዓሊ ባገኝ ጠርቼ የምነግረው ነገር ነበረኝ።

መቼም ስንት ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ይህን ሳልነግርሽ አልተኛም። በተማሪዎቼ ወንበር ላይ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የሶማሌ፣ የአርጎባ፣ የጉራጌ ልጆች ተቀምጠው ዓይኔ ስር አድገዋል። ከእነሱ አንዱ የእጮኛሽ ዓይነት መልክ ቢኖረው ኖሮ፣ በቆዳው ውስጥ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ብዛት ከሌሎቹ አይበልጥም ነበር። ሜላኖሳይት የሚባሉት እነዚያ ሴሎች በስዊድናዊውም በጋምቤላው አኙዋክም ቆዳ በቁጥር ይቀራረባሉ፤ የሚለያዩት ሜላኒኑን በሚያመርቱት መጠንና ዓይነት ነው። ሜላኒን ፀሐይ ከምታደርሰው ጉዳት ቆዳን ይጋርዳል፤ በደም ውስጥ ያለውንም ፎሌት እንዳታጠፋው ይጠብቃል፤ እርጉዝ ሴት ለልጇ የምትፈልገው ያ ነው። ፀሐይ የሚያንሳቸው ሰዎች ቫይታሚን ዲ እንዲያገኙ ቆዳቸው ፈዘዘ። ነገሩ ይህ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለበትም።

የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና የሚኖሩ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ቆዳ ለክተው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ቆዳን የሚያጠቁሩትም የሚያፈዙትም የዘር ልዩነቶች አብዛኞቹ አፍሪካ ውስጥ የተነሡ፣ እጅግ ያረጁ ሆነው ተገኙ። የአውሮፓውያንን ቆዳ ከሚያነጡት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ደግሞ በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በብዛት አለ፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ከመካከለኛው ምሥራቅ ከመጡ ሰዎች ጋር በተደረገ ጋብቻ የገባ ነው ይላሉ። እናትሽ የምትኮራበት ቅላት ራሱ የቅይጥ ጋብቻ ፍሬ ነው እኮ! ከሩቅ የመጣ፣ የማይታወቅ፣ መልኩ የተለየ ሰው ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ አንዲት የድሮ እናታችን ከፈተችለት። የዚያችን ሴት እናት ማን ይዟት ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለ ሰው ዘር ዕድሜ ግን ከአጥቢያችን ቄስ ጋር አልተስማማንም። እሳቸው ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5,500 ዘመን ይቆጥራሉ። እኔ ኦሞ ኪቢሽ ላይ የተገኘው የሰው አጽም ከ200,000 ዓመት በላይ መሆኑን፣ አፋር ውስጥ ኸርቶ ላይ የተገኘው 160,000 መሆኑን አውቃለሁ። ድሬዳዋ አጠገብ ባለ ዋሻም፣ እዚሁ ደጃችን ላይ፣ ሰዎች ከ40,000 ዓመት በፊት ቀይ አፈር እየፈጩ ቀለም ያወጡበት የነበረ ከ4,000 በላይ የድንጋይ ቁራጭ ተገኝቷል። ቀለም ለመቀባት ይህን ያህል ደክመዋል፤ የቆዳ ቀለም ግን በነጻ ተሰጥቷቸው ነበር። ቄሱ ቁጥሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም የእሳቸውን ሰምቼ ዝም አልኩ። አንድ ነገር ላይ ግን ሁለታችንም ሳንጨቃጨቅ ተገናኘን፤ ጳውሎስ አቴና ላይ ቆሞ እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደፈጠረ የተናገረውን የአጥንት መርማሪዎቹም እያደረሱት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ እዚህ እኛ አገር እንደነበር ደግሞ አጥንቶቹ ያሳያሉ። ኦሞ ለጋምቤላ ከጭሮ ይልቅ ይቀርባል።

ጎረቤቴ ሐጅያን ታውቂያታለሽ። ዛሬ ከሰዓት ሆጃ የምንለውን መጠጥ ይዛልኝ መጥታ ይህን ሳጫውታት «እኛ ዘንድ ይህ ገና ዱሮ አልቋል» አለችኝ፤ ቢላል ሐበሻ መሆኑን፣ ነቢዩ ለአዛን እሱን መምረጣቸውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰብኩም ነጭ በጥቁር ላይ ብልጫ የለውም ማለታቸውን ነገረችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ራሷ ሳቀች። «አልቋል አልኩ እንጂ፣ ለልጄ ሚስት ስንፈልግ ምን እንዳልኩ አላህ ያውቃል» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ጥሩ ሴት ናት።

አሁን ወደ አንቺ። ለጋብቻሽ ቆምኩ ማለት ቀላል ይሆንልሻል ማለቴ አይደለም። ታክሲ ውስጥ አብራችሁ ስትቀመጡ ሰው ይዞራል። ልጅ ስትወልጂ በቀኝሽ ያለችው አክስት የሕፃኑን ጆሮ ገልጣ ታያለች፤ ጆሮ ላይ መልክ ቀድሞ ይታያል ይላሉና። መልስ አዘጋጅተሽ አትጠብቂያቸው፤ ታዛዣቸው አይደለሽም። ልጅሽ ግን እቤትሽ ውስጥ ያንን ቃል እንዳይሰማ አድርጊ፤ በቀልድም፣ በእናትሽም አፍ ቢሆን።

ደግሞ ከእኛ ወገን ሆነሽ ብቻ አታስቢ። የእሱ እናት ምን አለች? ሁላችንም ሴቷን እኛ እንደምንሰጣት እያሰብን ቁጭ አልን፤ እሷ ልጇን ለእኛ ለመስጠት ደስ ይላት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ደገኛ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ለባለ አገሩ እንዴት ያለ ዓይን ይዞ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ልጇ በእኛ ቤት ምን እንደሚጠብቀው ብትፈራ አይፈረድባትም። ሄደሽ እይያት። እግሯ ስር ተቀመጪ። አብስላ የምታቀርብልሽን ሁሉ ብዪ፣ ዓሣውን አትተዪ። የቋንቋቸውን ሰላምታ ከልጁ ተማሪ፤ እኔም ተምሬ እጠብቃለሁ።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ የወሰንኩት ይህ ነው። ፍልሰታ እስኪገባ ከአንድ ወር በላይ አለ፤ ከጾሙ በፊት ይምጡ። እናትሽ ጭሮ ላይ በሯን ከዘጋች መኪናቸውን ወደ በዴሳ ያዙሩና ወደ ገለምሶ ይምጡ፤ ታላቅ እህቷ ነኝ፣ በእኔ ቤት መቀበል መብቴ ነው። አጎትሽን አነጋግሬዋለሁ፤ አጉረመረመ፣ ከዚያ ግን እገኛለሁ አለ። ቄሱም ስለ እምነቱ የሚጠይቁት ስላላቸው ይገኛሉ። እናትሽን ለማሳመን እኔ ራሴ ከሐሙስ ጀምሬ ጭሮ ሄጄ እቤቷ እተኛለሁ፤ ከዚያ የሐዋርያት ሥራን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ካርታውንም ይዤ ነው የምሄደው። ከእኔ ጋር ሁለት ሌሊት መጨቃጨቅ እንደማትችል ከልጅነቷ አውቃታለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው ስንት ሽማግሌዎች እንደሚመጡ እንድትጽፊልኝ ነው። ከጋምቤላ የሚመጡት መንገዱ ስለሚረዝምባቸው አንድ ሌሊት አዲስ አበባ አድረው በማለዳ ይነሡ፤ ከጭሮ በኋላ ያለው ዳገት በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፣ ሾፌራቸው እንዲጠነቀቅ ንገሪው። የማይበሉት ነገር ካለም አስቀድመሽ አሳውቂኝ። በጉን አይቼዋለሁ፤ ዋጋውን ገና አልተስማማንም።

የምትወድሽ አክስትሽ